ለዲመካ መንገደኛም የታወቀ ሰዓትና የታወቀ ዋጋ ይኑረው

የአንድ አገር ሥልጣኔ በምን ይመዘናል ቢባል፣ አንዱ በሕንፃው ቁመት፣ ሌላው በትምህርት ቤቱ ብዛት፣ ሦስተኛውም በፋብሪካው ጢስ ይመዝነዋል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል፣ ነገር ግን ለሕዝቡ የዕለት ኑሮ ከእነዚህ ሁሉ የቀረበ አንድ ሚዛን ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት እንወዳለን። ይኸውም፣ ድኻ ሰው ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ የሚነሣበትን ሰዓትና የሚከፍለውን ዋጋ አስቀድሞ ያውቃልን? የሚል ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ብዙ ሥፍራ መዞር አያስፈልግም፤ ዲመካ ትበቃናለች። ዲመካ በደቡብ ኦሞ የሐመር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጂንካ የሚነሣ መንገደኛ በቀይ አፈር በኩል አልፎ ይደርስባታል፤ ከእርስዋም ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ ቱርሚን ያገኛል። ፀሐይዋ ብርቱ፣ አፈርዋ ቀይ፣ ቤቶችዋ ጥቂት ናቸው። በቅዳሜ ቀን ግን ያች ጸጥ ያለች ከተማ ሌላ ትሆናለች። ጠጕራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ አሽተው የገመዱ፣ በዛጎል ያጌጠ ቆዳ የለበሱ የሐመር ሴቶች ማሩን በቅል፣ ቅቤውንና ማሽላውን በጀርባቸው ይዘው ሰዓታት በእግራቸው ተጕዘው ይመጣሉ። ወንዶቹም በርኮታቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ፍየሎቻቸውን እየነዱ ይገባሉ። ሲመለሱ የቡና ገለባ፣ ጨውና ዶቃ ይዘው ይሄዳሉ።

አካባቢውን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በዚያ አገር የጊዜ ሰሌዳ የለም የሚለው ሰው ተሳስቷል። ሐሙስ የቀይ አፈር ነው፤ ቅዳሜ የዲመካና የጂንካ ነው፤ ሰኞ የቱርሚ ነው፤ ማክሰኞም በዲመካ አነስ ያለ ገበያ ይቆማል። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ሕፃን ሽማግሌው በቃሉ የሚያውቀው የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሕዝቡም በዚህ ሰሌዳ ሳይዛነፍ ይኖራል። ሰዓቱን የማያከብረው ሕዝቡን እንዲያመላልስ የተሰማራው ተሽከርካሪ ነው።

በገበያ ቀን ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ ሞተር ብስክሌቱም ይገኛል። ችግሩ ሌላው ቀን ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዲመካ ወደ ጂንካ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አቧራ መጠበቅ አለበት። አቧራ ከሩቅ ሲነሣ መኪና መጣ ማለት ነው፤ መኪናው ይቁም አይቁም ግን ማንም አያውቅም። ሕመም ደግሞ የገበያ ቀን አይጠብቅም። ምጥ የያዛት ሴት፣ የቀጠሮ ቀን የተቈረጠለት ባለጉዳይ፣ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ወደ ጀመረው ወደ ጂንካ ዩኒቨርስቲ የሚመለስ ተማሪ፣ ሁሉም ከአንዱ ሾፌር ፈቃድ ሥር ይወድቃሉ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ተቃራኒ ነገር አለ። በዚያው መንገድ ላይ የውጭ አገር ጐብኚዎችን የያዙ ላንድ ክሩዘሮች ያልፋሉ። እነዚህ መኪናዎች ሰዓታቸው የታወቀ ነው፤ ዋጋቸውም አስቀድሞ የተቈረጠ ነው። ጐብኚው በስንት ሰዓት ዲመካ ገበያ እንደሚደርስ፣ በስንት ሰዓት ቱርሚ እንደሚያድር ከአገሩ ሳይነሣ ያውቃል። ሊያያት የሚመጣው የሐመር ሴት ግን ማርዋን ሸጣ በስንት ሰዓትና በስንት ብር ወደ ቤትዋ እንደምትመለስ አታውቅም። እንግዳ መከበሩ ደግ ነው፤ የአገራችንም ልማድ ነው። ሆኖም አንድ መንገድ ለእንግዳው ሰዓት እያለው ለባለቤቱ ሰዓት ሲያጣ፣ ጉድለቱ ከመንገዱ ሳይሆን ከእኛ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንለፍ። በሕግ ረገድ ታሪፍ አለ፤ የክልሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በኪሎ ሜትር ቀምሮ ያወጣዋል። በተግባር ግን ታሪፉን ከሚያውቀው መንገደኛ የማያውቀው ይበልጣል። መንገደኛው የማያውቀው ዋጋ ደግሞ ዋጋ አይባልም፤ ድርድር ነው። በድርድርም የሚያሸንፈው ያልቸኮለው ነው። ረዳቱ አልቸኮለም፤ የምትቸኩለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጆችዋ ዘንድ መድረስ ያለባት እናት ናት። ለሰውዋ አንድ ዋጋ፣ ለቅልዋ ሌላ ዋጋ፣ ለፍየልዋ ሌላ ዋጋ ይጠራባታል። የተከፈለበት ቲኬት ስለማይሰጥ፣ በማግስቱ ተበደልኩ ብትል የምታሳየው ማስረጃ የላትም። ረዳቱ የሚናገረው በአማርኛ፣ እርስዋ የምትሰማው በሐመርኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከድርድርም ይወርዳል፤ ከእጅዋ ላይ ያለውን ብር ዘርግታ ረዳቱ የፈለገውን ቈጥሮ እስኪወስድ መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

ስለ አክብሮትም አንድ ቃል ማለት ይገባናል። ኮት የለበሰ ሰው ሲመጣ “ጌታዬ፣ ከፊት ይቀመጡ” ይባላል። ቆዳ የለበሰችው ስትመጣ “አንቺ፣ ወደ ኋላ ሂጂ፤ ቅቤሽ ሰው እንዳይነካ” ትባላለች። ሁለቱም የከፈሉት ያው ገንዘብ ነው፤ እንዲያውም እርስዋ ሳትጨምር አልቀረችም። ባቡር በነበረበት ዘመን አንደኛ ማዕረግ፣ ሁለተኛ ማዕረግ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ተብሎ በግልጽ ይጻፍ ነበር፤ ማዕረጉም በከፈሉት ልክ ነበር። በሚኒባስ ውስጥ ማዕረግ አልተጻፈም፤ ይሁን እንጂ በረዳቱ አፍ ውስጥ አለ።

አንዳንድ ወጣት አንባቢዎቻችን፣ በተለይም ስለ ውጭ አገር ብዙ የሚሰሙት፣ “ይህ የኋላ ቀርነት ጠባይ ነው፤ በሠለጠነው አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም” ይሉ ይሆናል። አሁን የለም ቢሉ ከፊሉ እውነት ነው። ኖሮ አያውቅም ቢሉ ግን ስሕተት ነው። ለዚህም የምድር ባቡርን ለዓለም ያስተማሩትን የእንግሊዞችን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (የእንግሊዝን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንደምንጽፍ አንባቢ ልብ ይበል።)

ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የተዘረጋው የባቡር መንገድ በ1830 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ኩባንያዎቹ ስለ ባለጸጋው እንጂ ስለ ድኻው መንገደኛ ብዙም አይጨነቁም ነበር። ሦስተኛ ማዕረግ የሚባለው ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ ጣራ በሌለው ፉርጎ ይጫናል፤ ዝናቡም፣ ብርዱም፣ ከሎኮሞቲቩ የሚወጣው የእሳት ፍንጣሪም የእርሱ ነበር። በ1841 በገና ዋዜማ ከለንደን ወደ ብሪስቶል በሚወስደው መንገድ ላይ ሶኒንግ በተባለ ሥፍራ ዝናብ የናደው አፈር ሐዲዱን ሸፍኖት ኖሮ፣ አንድ የዕቃ ባቡር መጥቶ ገባበት። ሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች የተጫኑት ጐናቸው ዝቅ ባለ ክፍት ፉርጎ ሆኖ፣ ከፊት ሎኮሞቲቩ ከኋላ ከባዱ የዕቃ ፉርጎ ነበር። በመካከል ተጨፍልቀውና ተወርውረው ስምንት ሰዎች በዚያው ሞቱ። ብዙዎቹ ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ግንበኞች ነበሩ።

ከአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከጆንያና ከፍየል መካከል ተቀምጦ የሚሄደውን ወገናችንን ያየ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አይሰማውም። ዘመኑና ቦታው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ሰው ከዕቃ ጋር ተቈጥሮ መጫኑ ነው።

እንግሊዞች ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1844 ፓርላማቸው አንድ ሕግ አወጣ። ነገሩን የመሩት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ በዚያን ጊዜ የንግድ ቦርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊልያም ግላድስቶን ነበሩ። ሕጉ በአዲሶቹ የባቡር መንገዶች ሁሉ በየቀኑ፣ በሄደበትም በመጣበትም አቅጣጫ፣ ቢያንስ አንድ ባቡር ለድኻው መንገደኛ እንዲሄድ አዘዘ። ይህም ባቡር በየጣቢያው እንዲቆም፣ ከመቆሚያው ጋር ተደምሮ ፍጥነቱ በሰዓት ከ12 ማይል እንዳያንስ፣ ፉርጎው መቀመጫና ከዝናብ መከለያ እንዲኖረው፣ ዋጋውም በማይል ከአንድ ፔኒ እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚህም በላይ መንገደኛው እስከ 56 ፓውንድ፣ ማለት 25 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንዲይዝ ፈቀደ። ሕፃን ከሦስት ዓመት በታች በነፃ፣ እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት በግማሽ ዋጋ እንዲሄድ አደረገ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሕግ ቀስ ብለህ ተመልከተው። ወርቅ የተለበጠ ሠረገላ አላዘዘም። ድኻው ከባለጸጋው እኩል ይፍጠን አላለም። ያለው፣ በቀን አንድ ጊዜ፤ በታወቀ ዋጋ፤ ተቀምጦ፤ ከዝናብ ተከልሎ፤ ከነዕቃው፤ ይህን ብቻ ነው። ይህን ያለውም እንግሊዝ ዛሬ የምናውቀውን ያህል ሳትበለጽግ፣ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ “ገንዘብ ስናገኝ እናደርገዋለን” የሚለው ምክንያት ከዚህ ፊት ብዙ አይቆምም።

ሕግ መውጣቱ ብቻ ግን አልበቃም። ከኩባንያዎቹ አንዳንዶቹ ሕጉን በፊደሉ ጠብቀው በመንፈሱ ሰበሩት፤ የድኻውን ባቡር ንጋት ሳይቀድ ወይም እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ማንም በማይመቸው ሰዓት ያስነሡት ነበር። ነገሩን የለወጠው ሌላ ነው። በ1872 ሚድላንድ የተባለው ኩባንያ ሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ በባቡሮቹ ሁሉ እንዲሳፈር ፈቀደ፤ በ1875 ደግሞ ሁለተኛውን ማዕረግ ጨርሶ አስቀርቶ ለሦስተኛው የተደላደለ መቀመጫ ሰጠው። ሌሎቹ ኩባንያዎች በመጀመሪያ ተቈጡ፤ በኋላ ግን ተከተሉት። ብዙ ቍጥር ያለው ትንሽ ከፋይ፣ ጥቂት ቍጥር ካለው ትልቅ ከፋይ ይልቅ ኩባንያን እንደሚያኖር ገብቷቸው ነበርና። ይህን የመናኸሪያ ማኅበሮቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሰዓትንም የተመለከተ አንድ ቁም ነገር አለ። ከባቡር በፊት በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሰዓት ነበረው፤ የብሪስቶል ሰዓት ከለንደኑ በ10 ደቂቃ ያህል ይዘገይ ነበር። ባቡር ሲመጣ ይህ የማይቻል ሆነ። ከ1840 ጀምሮ ኩባንያዎቹ በየጣቢያው የለንደንን ሰዓት ሰቀሉ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1880 ፓርላማው የአገር ሰዓት አድርጎ ደነገገው። ባቡሩ ሕዝቡን ሰዓት አስተማረ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ግን “ስንት ሰዓት ትነሣለህ?” ተብሎ የተጠየቀ ሾፌር መልሱ “ሲሞላ” ነው። ሲሞላ የሚባል ሰዓት በምንም ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ይህ መልስ የሚያስከፍለው ዋጋ ከታሪፉ በላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት የጠበቀ መንገደኛ ሦስት ሰዓት ከሥራው፣ ከእርሻው ወይም ከሕመምተኛው ቀንሶ ከፍሏልና።

እንዲህ ስንል የእንግሊዝ ባቡር እንከን የለሽ ነው ማለታችን አይደለም። ዛሬ በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሆኑ ራሳቸው እንግሊዞች ስለ ባቡራቸው ከሚያመሰግኑት የሚያማርሩት ይበልጣል። ዋጋው ውድ ነው፤ ከመወደዱም ይልቅ ውስብስብነቱ ያስቸግራል። ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለአንድ መንገድ የተለያየ ዋጋ ከፍለው ይገኛሉ፤ አንዱ ከብዙ ሳምንት በፊት የገዛ፣ ሌላው በዚያው ጧት የገዛ ነውና። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ቆሞ መሄድም አለ። የባቡሩም አስተዳደር ብዙ ተገለባብጧል፤ በ1948 የመንግሥት ሆነ፤ በ1990ዎቹ ለግል ኩባንያዎች ተከፋፈለ፤ በ2024 በወጣ ሕግ ደግሞ ወደ መንግሥት እጅ መመለስ ጀመረ።

ሆኖም በዚያ ሁሉ መካከል ልንወስደው የሚገባ አንድ ነገር አለ። መንገደኛው ቲኬት ስላለው አቤቱታ አለው። በብዙዎቹ መሥመሮች ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ የከፈለውን እኩሌታ፣ አንድ ሰዓት ቢዘገይ የነጠላ ጕዞውን ዋጋ በሙሉ ይመልሱለታል። እኛ ገና ወደዚህ አልደረስንም፤ ለመድረስም አንቸኩል። ነገር ግን ገንዘብ የሚመለሰው መጀመሪያ ሰዓት የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ቲኬትም የተቈረጠ እንደ ሆነ ነው። መሠረቱ ያ ትንሽ ወረቀት ነው።

ልንወስደው የማይገባንም አለ። በ1963 ዶክተር ቢቺንግ የተባሉት የባቡር ሹም፣ አትራፊ አይደሉም ያሉዋቸውን 5000 ማይል ያህል መሥመርና ከሁለት ሺሕ በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ የሚያሳስብ ጥናት አቀረቡ። ብዙዎቹም ተዘጉ። የሒሳቡ ቍጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የገጠሩ ሰው ግን ከሒሳቡ ውጭ ቀረ። ከኤድንብራ ወደ ደቡብ የሚወርደው መሥመር በ1969 ተዘግቶ፣ ከፊሉ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ በ2015 በብዙ ወጪ እንደ አዲስ ተሠርቶ ተከፈተ። ከዚህ የምንማረው፣ መንገደኛ ጥቂት ነው ተብሎ የተቋረጠ አገልግሎት መልሶ ለማቆም ከማቆየቱ የበለጠ እንደሚያስከፍል ነው። የዲመካ የረቡዕ መንገደኛም ጥቂት ነው። ጥቂት መሆኑ ግን ከሰው ቍጥር አያወጣውም።

የራሳችንንም ታሪክ አንርሳ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ያ ባቡር በቀድሞው ዘመን ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ይጓዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚነሣበትን ቀን፣ የሚያድርበትን ቦታና የማዕረጉን ዋጋ ያውቅ ነበር። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ባቡር ስለ ደረሰባት ብቻ አይደለም፤ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ ነጋዴው ስላወቀ ጭምር ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ቀላል ባቡርም አገልግሎቱን ሲጀምር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ተብሎ እንደ ርቀቱ ተቈርጦ ነበር። ማንም ተሳፋሪ ከማንም ጋር አልተደራደረም። እንግዲያስ የታወቀ ዋጋና ቲኬት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከሐዲዱ ወርዶ ወደ አፈሩ መንገድ አልሄደም እንጂ።

በዚህ ቦታ የሾፌሩንና የባለ መኪናውንም ወገን መስማት ፍርድ ነው። እነርሱም “ነዳጅ ተወደደ” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጁን ድጎማ ደረጃ በደረጃ መቀነስ ከጀመረ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው ጨምሯል፤ ከማደያ በራቀ ሥፍራ ደግሞ በጀሪካን የሚገዛው ከማደያው ዋጋ በላይ ነው። “መለዋወጫ አይገኝም፤ ጐማ ይበላል” ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ዝናብ ሲጥል ደረቁ የአሸዋ ወንዝ በድንገት ሞልቶ መንገዱን እንደሚቈርጥ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። “ባዶዬን ብመለስ ማን ይከፍለኛል?” የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። እኛ ሾፌሩ ይክሠር አንልም። የምንለው፣ ኪሣራው ሁልጊዜ አቅም በሌላት በአንዲት መንገደኛ ትከሻ ላይ ብቻ አይውደቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቅፎ ዝም ማለት ቀላል ስለ ሆነ፣ በበኩላችን ከዚህ በታች ያሉትን ሐሳቦች ለወጣት ሹማምንትና ለተማሪዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከጂንካ በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል እስከ ቱርሚ፣ ከዚያም ወደ ኋላ፣ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ተሽከርካሪ በታወቀ ሰዓት፣ ቢሞላም ባይሞላም ይነሣ። ወጪው ከየት ይመጣል ለሚለው መልስ አለን። የቅዳሜው የዲመካ መሥመር ትርፍ ያለበት ነው፤ የረቡዑ የለበትም። የቅዳሜውን ተራ የሚወስድ ሁሉ የረቡዑን ወይም የዓርቡንም ተራ አብሮ የመውሰድ ግዴታ ይግባ። ተራ የሚያስከብር ማኅበርና መናኸሪያ እስካለ ድረስ ይህን ለማድረግ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አዲስ ደብተርና የማያዳላ ሰው ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ታሪፉ በቢሮ መዝገብ ውስጥ አይተኛ። በመናኸሪያውና በገበያው መግቢያ በትልቅ ፊደል ይጻፍ፤ የሰው ዋጋ፣ የጭነት ዋጋ፣ የፍየልም ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ። ፊደል የማያውቅ ብዙ ስለ ሆነ በገበያ ቀን በሐመርኛ ጭምር ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ይኑር። መንገደኛው ሊይዘው የሚችለው የዕቃ ልክም ይወሰን፤ አንዲት ቅል ማር ጭነት አይደለችም።

ሦስተኛ፣ የመኪናው ቍጥር፣ ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ የተጻፈበት ቲኬት ይሰጥ። ቲኬት የሌለው ክፍያ ሌባና ንጹሑን ያደባልቃል፤ ቀጥተኛው ረዳትም በሐሰት እንዲታማ ያደርገዋል።

አራተኛ፣ ሰው ከጭነት ላይ መጫኑ ይከልከል። ይሁን እንጂ መከልከል ብቻውን ግፍ ነው፤ ሌላ መሄጃ ሳይሰጡ ከአይሱዙው ላይ ማውረድ መንገደኛውን ከመንገድ ማስቀረት ነውና። ስለዚህ አራተኛው ከአንደኛው ጋር አብሮ ይሂድ። መንገደኛው በሚጠብቅበት ቦታም አንድ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ይዘጋጅ።

አምስተኛው ለወጣቱ ሹም ነው። አንተ ወንድማችን፣ ወረዳው በመደበልህ መኪና ስትሄድ መንገዱ ጥሩ ይመስልሃል። በወር አንድ ቀን፣ ማንም ሳያውቅህ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ከመንገድ ዳር ተቀምጠህ ጠብቅ፤ ተሳፍረህም ሂድ። ስንት ሰዓት እንደ ጠበቅህ፣ ስንት እንደ ተጠየቅህ፣ ከአጠገብህ ያለችው ሴት ስንት እንደ ከፈለች በማስታወሻህ ጻፍ። ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይልቅ ያች አንዲት ቅጠል ታስተምርሃለች።

ለተማሪውም የምንለው አለን። ታሪፉን ማንበብ የምትችል አንተ ነህ። ከጐንህ ያሉት እናት ከሚገባው በላይ ሲጠየቁ ዝም ብለህ በመስኮት አትመልከት። ጠብ አያስፈልግም፤ “ታሪፉ ይህን ያህል ነው” ብሎ በትሕትና መናገር ይበቃል። አንድ ተማሪ ሲናገር ረዳቱ ይቈጣ ይሆናል፤ ዐሥር ተማሪዎች በዐሥር ቀን ሲናገሩ ግን ልማድ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

ደቡብ ኦሞ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። አዲስ ክልል አዲስ ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ሰሌዳ መትከል፣ ሰዓት መጻፍ፣ ቲኬት መቍረጥ የምረቃ በዓል የሚደረግላቸው ሥራዎች አይደሉም፤ ሪባን አይቈረጥባቸውም፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ነገር ግን በዲመካ ገበያ የዋለችው እናት ስለ መንግሥት ያላት አሳብ የሚሠራው ከእነዚሁ ነው። መንግሥትን የምታገኘው በአዳራሽ ሳይሆን ብርዋን ለረዳቱ በምትዘረጋበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ትክክለኛው ዋጋ ተጠይቆ መልሱ በእጅዋ ከተሰጣት፣ ሕግ የሚባል ነገር ለእርስዋም እንዳለ ታውቃለች።